የማዕድን መሐንዲስ ስለ ዝቃጩ መማር ያለበት መቼ ነው?

በመድረካችን ላይ በዚህ ጥያቄ የተከፈተው የውይይት ክር በጣም ረዝሟል። ዘግይተው የሚገቡ ሰዎች ከላይ መልስ ያገኘውን ጥያቄ እንደ አዲስ እያነሡ ስላስቸገሩ፣ እስካሁን የተባለውን በመልሶቹ ቁጥር ተራ በራሴ አነጋገር እተርካለሁ። ከመልሶቹ አንዱ የራሴ ስለሆነ ፍጹም ገለልተኛ ነኝ አልልም።

መነሻ ጽሑፍ

ጥያቄውን ያነሣው በአንድ ዩኒቨርሲቲ የማዕድን ምህንድስና የሚያስተምር መምህር ነው። ትምህርት ክፍሉ ሥርዓተ ትምህርቱን እየከለሰ ነው፤ ረቂቁም ላይ ስለ ዘላቂ የማዕድን ልማት አንድ አዲስ ኮርስ ተጨምሯል። ኮርሱ ሁለት ክሬዲት ያለውና በመጨረሻው ዓመት በመጨረሻው መንፈቅ የሚሰጥ ነው። መምህሩ ይህን አይወደውም። ተማሪው እዚያ እስኪደርስ የጉድጓዱን ቅርጽ መንደፍ፣ የትኛው አለት ወደ ወፍጮ፣ የትኛው ወደ ክምር እንደሚሄድ መወሰን፣ የወፍጮውን የኃይል ፍጆታ ማስላት ተምሮ ጨርሷል። ይህን ሁሉ ሲማር ውሃው ወዴት እንደሚሄድ፣ ዝቃጩ (ብረቱ ከወጣለት በኋላ ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ የሚቀረው ደቃቅ አለት) የት እንደሚያርፍ፣ ቦታው ሲዘጋ ሒሳቡን ማን እንደሚከፍል አንድም ፈተና ላይ አልተጠየቀም። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ኮርስ ባለቀ ንድፍ ኅዳግ ላይ ማስታወሻ ከመጻፍ አያልፍም ይላል። ጥያቄው እንግዲህ ጉዳዩ ራሱን የቻለ ኮርስ ይሁን ወይስ በየኮርሱ ውስጥ ይግባ የሚል ነው።

መልስ 1

ጨዋና አጭር ነበር። መምህሩን አመስግኖ፣ በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ በ2001 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያቋቋመውን የዘላቂ ማዕድናት ተቋም እንዲመለከት መክሯል። እዚያ አለት የሚፈጩት፣ ውሃ የሚለኩት፣ የተቆፈረ መሬት መልሶ እንዲያገግም የሚሠሩትና የአካባቢ ነዋሪዎችን ጉዳይ የሚያጠኑት በአንድ ጥላ ሥር ናቸው። ጥቆማው መልካም ነው። ነገር ግን ተቋሙ በዋነኛነት የምርምር ተቋም ስለሆነ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በሁለተኛ ዓመቱ ምን ይማር ለሚለው መልስ አይሆንም።

መልስ 2

የጻፉት በዝቃጭ ግድብ ሥራ ዕድሜያቸውን የፈጁ ጡረተኛ መሐንዲስ ናቸው። ያስቀደሙት ስሌት ነው። የመዳብ ይዞታው 0.6 በመቶ የሆነ አለት በመቶ ኪሎ ውስጥ 600 ግራም መዳብ ብቻ አለው። ፋብሪካው ከዚህ ውስጥ 90 በመቶውን ቢያወጣ አንድ ቶን መዳብ ለማግኘት 185 ቶን ገደማ መፍጨት አለበት። ከሞላ ጎደል ሁሉም ደቅቆ፣ ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ፣ በቧንቧ ወደ ግድብ ይሄዳል። ወደ ወፍጮ ሳይደርስ የሚከመረው አለት በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም። በቶን ከተቆጠረ የመዳብ ማዕድን ማውጫ ዋና ምርቱ ዝቃጭ የሆነ፣ በጎን ግን መዳብ የሚሸጥ ድርጅት ነው ማለታቸው በክሩ ውስጥ ደጋግሞ ተጠቅሷል። ትልቁ ምርት በምርጫ ኮርስ አይሰጥም የሚለው መደምደሚያቸውም ከመምህሩ ጋር ያስማማቸዋል።

መልስ 3 እና 4

አንድ ተማሪ ዝቃጩ ለምን ወደ ወጣበት ጉድጓድ እንደማይመለስ በትሕትና ጠየቀ። አንዳንዶች ቢሥቁበትም አዛውንቱ መሐንዲስ በትዕግሥት መለሱለት። አለት ሲሰበርና ሲፈጭ በቅንጣቶቹ መካከል ባዶ ቦታ ስለሚፈጠር ከነበረበት ይልቅ ሰፊ ቦታ ይይዛል። ዝቃጩን ከሲሚንቶ ጋር አቡክቶ ከመሬት በታች ያሉ ባዶ ቦታዎችን መሙላት የተለመደና ጥሩ ዘዴ ነው፤ ሆኖም በዚህ መንገድ የሚመለሰው ከጠቅላላው ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። ክፍት ጉድጓድ ሲሆን ደግሞ ቁፋሮው እስኪያልቅ የሚሞላ ቦታ የለም። በእኔ አስተያየት ይህ የልጁ ጥያቄ ለመጀመሪያ ዓመት የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ የሚመጥን ነው።

መልስ 5

እዚህ ላይ ቃናው ተለወጠ። ጸሐፊው ዘላቂ ማዕድን ማውጣት የሚባል ነገር የለም፣ ማዕድን አይበቅልም ብሎ ጀመረ። ሐሳቡ የተባበሩት መንግሥታት ያቋቋመው የብሩንትላንድ ኮሚሽን ስለ ዘላቂ ልማት ሪፖርቱን በ1987 ካወጣ በኋላ ከአካባቢ ጥበቃ ሰዎች የተወሰደ ነው፣ ኩባንያዎቹም ዩኒቨርሲቲዎቹም ለጌጥ ነው የለበሱት ባይ ነው።

መልስ 6 እና 7

ስድስተኛው የታሪክ እርማት ይዞ መጣ። በጀርመን የፍራይበርግ የማዕድን አስተዳደር ኃላፊ የነበረው ሃንስ ካርል ፎን ካርሎቪትስ በ1713 ደን ከሚተካው በላይ መቆረጥ የለበትም ብሎ የጻፈው፣ የብር ማቅለጫዎቹና የጉድጓድ ድጋፎቹ እንጨት እየጨረሱ ስለነበር ነው። ስለዚህ ሐሳቡን ወደ ማዕድን ሥራ ያመጣው የውጭ ሰው አይደለም፤ ከዚያው ከሙያው መሥሪያ ቤት ወጣ። በዚያችው ከተማ በ1765 የማዕድን አካዳሚ ተከፈተ። ከዚያም አስቀድሞ በ1556 የታተመው፣ አግሪኮላ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ስለ ማዕድን ሥራ የጻፈው መጽሐፍ ማዕድን ማውጣት ማሳ ያበላሻል፣ ደን ያስጨርሳል፣ ወንዝ መርዞ ዓሣ ይፈጃል የሚሉ ተቃዋሚዎችን ክርክር በዝርዝር አስፍሯል።

ሰባተኛው በሁለት ዐረፍተ ነገር ነገሩን ወደ ቦታው መለሰው፦ ካርሎቪትስ የተጨነቀው ለእንጨቱ ነው፣ እንጨት ደግሞ ይበቅላል፤ ስለዚህ የአምስተኛው ተቃውሞ አልተነካም። እርማቱን ብወደውም ሰባተኛው ትክክል ነው።

መልስ 8

ለእኔ የክሩ እምብርት ይህ ነው። የጻፈችው በአንድ የጂኦኬሚስትሪ ላቦራቶሪ የምትሠራ ባለሙያ ናት። ፓይራይት የብረትና የድኝ ውሕድ ነው፤ ከመሬት በታች ተዘግቶ ሳለ ማንንም አይጎዳም። ተሰብሮ አየርና ውሃ ሲያገኘው ሰልፈሪክ አሲድ ያመነጫል፤ ባክቴሪያዎች ያፋጥኑታል፤ አሲዱም በአለቱ ውስጥ ያሉትን ሌሎች ብረታ ብረቶች እያሟሟ ወደ ወንዝ ይዟቸው ይሄዳል። አንድ አለት ወደፊት ይህን ያደርግ እንደሆነ ለማወቅ የሚሠራውን ሙከራ በዝርዝር ተርካዋለች።

አንድ ኪሎ አለት ከ6 ሚሊ ሜትር ገደማ በታች ተደቅቆ በፕላስቲክ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ሦስት ቀን ደረቅ አየር፣ ቀጥሎ ሦስት ቀን እርጥብ አየር ይነፍስበታል። በሰባተኛው ቀን ግማሽ ወይም አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይፈስበታል፤ ከሥር የሚንጠባጠበው ተጠራቅሞ አሲድነቱ፣ ሰልፌቱና የብረታ ብረቱ መጠን ይለካል። ከዚያ እንደገና ደረቅ አየር። ለሙከራው የወጣው መደበኛ መመሪያ ቢያንስ 20 ሳምንት ይላል፤ ጥንቃቄ ያለበት ሥራ ከዓመት በላይ ይሄዳል። አንድ መንፈቅ ግን ከ16 ሳምንት ገደማ አያልፍም። ስለዚህ ሙከራው በአንድ ኮርስ ውስጥ አይጠናቀቅም፤ ተማሪዎችም ውጤቱን በሥላይድ ያዩታል እንጂ ሲሊንደሩን አይነኩትም። አለቱን ስትገልጸው እንደምታዝንለት ሁሉ ነው የምትጽፈው፤ ይህን በማለቴ እንደማትቀየመኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

በመጨረሻ 1 በመቶ ድኝ ያለው አንድ ቶን አለት የሚያመነጨውን አሲድ ለማክሸፍ 30 ኪሎ ገደማ የኖራ ድንጋይ እንደሚያስፈልግ ጠቅሳለች።

መልስ 9

የሦስተኛ ዲግሪዋን በዚሁ ጉዳይ የሠራች ተመራማሪ የደረሰባትን አካፈለች። የትምህርት ተቋሙን ስም አልጠቀሰችም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ሲሊንደሮቿ በምርምሩ ዘመን ሁሉ ገለልተኛ ውሃ ሲሰጡ ቆዩ። ጽሑፏ አለቱ አሲድ የማመንጨት ዝንባሌ አላሳየም ብሎ ደመደመ፣ ተከላከለች፣ ተመረቀች፣ የምርምሩ ገንዘብም አለቀ። አንዱን ሲሊንደር ግን አንሡት ያለ ሰው ስላልነበረ የላቦራቶሪው ባለሙያ ውሃ ማፍሰሱን ቀጠለ። ከምረቃዋ በኋላ ውሃው ወደ አሲድነት መውረድ ጀመረ። በአለቱ ውስጥ የነበረው የኖራ ማዕድን አሲዱን ሲያከሽፍ ኖሮ አልቋል፤ ፓይራይቱ ግን ገና ነበር። በጽሑፏ ውስጥ ሐሰት የሆነ አንድም ቁጥር የለም። የቀረው ጊዜው ብቻ ነው።

መልስ 10

በመልስ 8 ስለተጠቀሰው የኖራ ድንጋይ መጠን እርማት ነው፦ ስሌቱ 31.25 ኪሎ ነው የሚሰጠው፣ ያውም ድኙ በሙሉ በፓይራይት ውስጥ ካለ። ጂፕሰም በተባለው ማዕድን መልክ ያለ ድኝ አሲድ አያመነጭም፤ ስለዚህ ጠቅላላ ድኝ ለክቶ ማባዛት ስሕተት ላይ ይጥላል። አነጋገሩ ትንሽ ቆርጠም ያለ ነበር፤ ባለሙያዋ ግን አመስግና ተቀበለችው።

መልስ 11 እስከ 13

እዚህ ክሩ ወጣ አለ። አንዱ ወጣቶች ከማዕድን ምህንድስና እየሸሹ ነው፣ በብዙ አገሮች ትምህርት ክፍሎቹ ተማሪ አጥተዋል ብሎ አማረረ። ሌላው ስያሜውን ወደ ሀብት ወይም ወደ ምድር ምህንድስና መለወጥ ተማሪ ይስባል አለ። አሥራ ሦስተኛው የበሩ ጽሑፍ ቢለወጥ ላቦራቶሪው ያው ነው ብሎ አሾፈና ቁም ነገር ጨመረ፦ ተማሪ የሚስበው ጉድጓድ ነው። በፍራይበርግ ራይሼ ጼሼ የተባለው የብር ማዕድን ማውጫ፣ በኮሎራዶ የማዕድን ትምህርት ቤት ሥር ያለው የኤድጋር ማዕድን ማውጫም ዛሬ መማሪያና መመራመሪያ ናቸው። ተማሪው ኮፍያውን አጥልቆ ገብቶ አየር ይለካል፣ ድጋፍ ይተክላል፣ ከአሮጌ ዋሻ የሚፈሰውን ውሃ ናሙና ይወስዳል።

መልስ 14

አዛውንቱ መሐንዲስ ተመልሰው መጡ፤ በዚህ ጊዜ ግን አልቀለዱም። በጃንዋሪ 25 ቀን 2019 በብራዚል ብሩማዲኞ የተደረመሰው ግድብ 86 ሜትር ከፍታ ነበረው። ከ2016 ወዲህ ዝቃጭ አይገባበትም ነበር። እያንዳንዱ አዲስ እርከን ቀድሞ በተጠራቀመው ዝቃጭ ላይ እያረፈ ወደ ኋላ እየገባ የተሠራ ግድብ ነው። ውሃ ያዘለው ዝቃጭ በቅጽበት ጥንካሬውን አጥቶ እንደ ፈሳሽ ሆነ። የሠራተኞቹ የምግብ አዳራሽና ቢሮው ከግድቡ በታች ነበሩ፤ 270 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ግድቡ የተረጋጋ መሆኑን የሚመሰክር ሰነድ ተፈርሟል።

ጥያቄያቸው ይህ ነው፦ ተማሪዎቻችን የግድብ የደኅንነት መጠን ማስላት ያውቃሉ፤ ቁጥሩ ከሚፈቀደው በታች ሲሆን አልፈርምም የሚል ደብዳቤ ግን ማን አስተማራቸው? አንድ የቤት ሥራ እንኳ በዚህ ላይ ሲሰጥ አላየሁም ይላሉ።

መልስ 15

ይህ ክፉ መልስ ነበር። ጸሐፊው ጡረታ ላይ ተቀምጦ ወጣቱን መውቀስ ቀላል ነው፣ የማይፈርም መሐንዲስ በማግሥቱ ይተካል አለ። እስከዚያ ድረስ ሁሉም እርስዎ እያሉ ሲያከብሯቸው፣ እርሱ አዛውንቱን አንተ ብሎ ነው የጻፈላቸው። ነገሩ ውስጥ እውነት አለ፤ አቀራረቡ ግን ሰው ሳያነበው እንዲያልፈው አደረገ።

መልስ 16

ሁለቱንም ለማስማማት የሞከረ ነው። በካናዳ ማውንት ፖሊ በኦገስት 4 ቀን 2014 የተጣሰውን ግድብ አስታወሰ። የገለልተኛ ባለሙያዎች ቡድን ያገኘው ምክንያት ከግድቡ መሠረት ሥር በቁፋሮ ምርመራ በሚገባ ያልታወቀ ደካማ የበረዶ ዘመን ሐይቅ ጭቃ ንብርብር መኖሩ ነው። እዚያ የጎደለው ድፍረት አልነበረም፤ መሬቱን ማወቅ ነው። ስለዚህ ፊርማውንም ቁፋሮውንም አስተምሩ አለ። በኦገስት 2020 የወጣውን ዓለም አቀፍ የዝቃጭ አያያዝ ደረጃ፣ 77 ግዴታዎቹን አንድ በአንድ እያነሡ ተማሪ በአንድ የታወቀ ግድብ ላይ እንዲፈትሽ ማድረግ ራሱ ሙሉ ኮርስ ነው የሚለው ሐሳቡ ጥሩ ነው።

መልስ 17

የእኔ ነው። የጻፍሁት የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ስለሚሠሩት የአዋጭነት ሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡ የወደፊቱን ወጪ ወደ ዛሬ ዋጋ ይመልሳል። በዓመት 8 በመቶ ሲቀነስ ከ50 ዓመት በኋላ የሚወጣ አንድ ሚሊዮን ዛሬ 21 ሺህ ገደማ ይሆናል፤ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚወጣው ደግሞ ከ500 በታች ይወርዳል። በካሊፎርኒያ አይረን ማውንቴን የሚባለው አሮጌ ማዕድን ማውጫ ግን አሲድ ማመንጨቱ ወደ 3,000 ዓመት እንደሚቀጥል ነው የተገመተው፤ ውሃው በኖራ እየታከመ ነው። በሞንታና በርክሊ ጉድጓድ በተባለው አሮጌ የመዳብ ማውጫ ፓምፖቹ በ1982 ከቆሙ በኋላ አሲዳም ውሃ ሞላ፤ በ1995 አርፈውበት የሞቱ 342 ዝይዎች ተቆጠሩ። ተማሪው እነዚህን ሁለት ቦታዎች በሠንጠረዡ ቢያሰላ የመዝጊያው ወጪ ከቢሮ የጽሕፈት መሣሪያ ወጪ ያነሰ ሆኖ ይታየዋል። ስለ ተጠያቂነት በአንድ ክፍል ብናስተምር፣ በሚቀጥለው ክፍል ሠንጠረዡ መጪው ትውልድ ዋጋ የለውም ብሎ ያስተምረዋል።

መልስ 18

አንድ የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ጥፋቱ የሠንጠረዡ አይደለም ብሎ ሞገተኝ። ገንዘቡ ዛሬ በዋስትና ቢቀመጥና ቢወልድ ያቺ ትንሽ ድምር በጊዜው ትበቃለች፤ ችግሩ ማንም አለማስቀመጡ ነው። ክርክሩ ንጹሕ ነው። ቢሆንም የዋስትናውን መጠን የሚወስነው ያው ሠንጠረዥ ነው፤ ኩባንያው ሲከስር ደግሞ የቀረው ሒሳብ ወደ መንግሥት ይዞራል። ሳንስማማ ተለያየን።

መልስ 19 እና 20

አሥራ ዘጠነኛው እስካሁን ማንም ያላነሣውን አነሣ። በዓለም ላይ ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የሚተዳደሩት በባህላዊ መንገድ በሚወጣ ማዕድን ነው፤ ከሰው ልጅ ሥራ ወደ አየር ከሚለቀቀው ሜርኩሪ ትልቁ ድርሻ ከእነዚሁ የወርቅ አውጪዎች ይመጣል። በ2013 የተፈረመው ስለ ሜርኩሪ የሚናማታ ስምምነት አገሮች አጠቃቀሙን እንዲቀንሱ ያስገድዳል፤ የምህንድስና ትምህርት ክፍሎች ግን እነዚህ ሰዎች እንደሌሉ አድርገው ነው የሚያስተምሩት። ሜርኩሪውን ከወርቁ ላይ በግልጽ እሳት ከማትነን ይልቅ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ አሙቆ፣ ትነቱን በቧንቧ አቀዝቅዞ መልሶ መሰብሰብ ለአንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የሚበቃ የንድፍ ሥራ ነው አለ። ሃያኛው ያ ምህንድስና ሳይሆን የእጅ ሥራ ነው ብሎ ዘጋው። ይህ ንቀት በትምህርት ክፍሎች ውስጥ የኖረ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጉዳዩን ያነሣው ሰው አለመኖሩ አስከፍቶኛል።

መልስ 21 እና 22

አንዷ በሜይ 2020 በምዕራብ አውስትራሊያ ስለተፈነዱት የጁካን ገደል ዋሻዎች ጻፈች። በአንዱ ዋሻ ውስጥ ሰው ከ46,000 ዓመት በፊት ጀምሮ እንደኖረበት ማስረጃ ነበር፤ ኩባንያው ሕጋዊ ፈቃድ በእጁ ነበረው። ሕጋዊ መሆን በቂ እንዳልሆነ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም፣ እኛ ግን የማኅበራዊ ጥናት ሰው በመንፈቅ አንዴ ጋብዘን አጨብጭበን እንሸኛለን አለች። ቀጥሎ የመጣው ስለ ነፃ የትምህርት ዕድል ጠየቀ፤ ወደ ሌላ ክር ተመርቷል።

መልስ 23

መነሻውን የጻፈው መምህር ተመለሰ። ሁለት ክሬዲቱን ከመጨረሻው ዓመት አውጥቶ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ሲሊንደሮቹን እንዲሞሉ፣ ቀጣዩ ዓመት ተማሪ ከነመዝገቡ እንዲረከባቸው፣ በመጨረሻው ዓመት ደግሞ ያው ተማሪ የዚያን አለት ውጤት በራሱ ንድፍ ውስጥ እንዲጠቀምበት ሐሳብ አቀረበ። የውሃ ሚዛንና የመዝጊያ ወጪ የሌለው ንድፍ አይታረምም። ዘጠነኛውን መልስ ለሥርዓተ ትምህርት ኮሚቴው እንደሚያነብም ጻፈ።

መልስ 24 እና 25

የላቦራቶሪዋ ባለሙያ ሐሳቡን ደግፋ አንድ ነገር ጠየቀች፦ በክረምቱ ዕረፍት፣ በሰባተኛው ቀን፣ ውሃውን የሚያፈሰው ማን ነው? አንድ ሳምንት ከታለፈ መዝገቡ ይቆረጣል። ስለዚህ ረቂቁ ወደ ጉባኤው ከመግባቱ በፊት ለዚህ ሥራ ቋሚ የሥራ መደብ ይጻፍበት አለች። መምህሩ ቅጥር በትምህርት ክፍሉ ሥልጣን እንዳልሆነ፣ ጥያቄው በዲኑ በኩል መሄድ እንዳለበት መለሰላት፤ ደብዳቤውንም እያዘጋጀ ነው፣ የሥራ ዝርዝሩን እርሷ ብትጽፍለት እንደሚመርጥ ነግሯታል።